ዮትሱጊ ጣቢያ (ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ)፦ ጥሎ የሚያልፈው ባቡር፣ አኦቶ ላይ መቀየር፣ ካርድ፣ የጠፋ ዕቃ፣ ሁሉም እዚህ

#1 ተቀባይ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዮትሱጊ አካባቢ የኛ ሰው ስለበዛ በየጊዜው ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ናሪታ ወርጄ እንዴት ልድረስ?»፣ «ባቡሩ ጣቢያዬን ጥሎ ሄደ»፣ «በሩ ካርዴን እምቢ አለ»። መልሱ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይጠፋል። እስቲ በዚህ ክር እንሰብስበው። ዋጋ አትጻፉ፣ ይለዋወጣል። አሠራሩንና ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ ንገሩን። ከሁሉ በፊት የምፈልገው ጃፓንኛም እንግሊዝኛም ለማያነቡ እናት በወረቀት ጽፈን የምንልክላቸው አቅጣጫ ነው።

#2 ፉርጎ_8

ከመስመሩ እንነሳ፣ እሱ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ዮትሱጊ ያለው በኬይሴይ ኩባንያ የኦሺያጌ መስመር ላይ ነው። መስመሩ በሙሉ 5.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ስድስት ጣቢያ ብቻ አለው፦ ኦሺያጌ፣ ኬይሴይ ሂኪፉኔ፣ ያሂሮ፣ ዮትሱጊ፣ ኬይሴይ ታቴይሺ፣ አኦቶ። የዮትሱጊ ቁጥር «ኬ ኤስ 48» ነው። ቁጥሩ ከኦሺያጌ 45 ተነስቶ ታቴይሺ ላይ 49 ይደርሳል። አኦቶ ግን የዋናው መስመር ጣቢያ ስለሆነ ቁጥሩ 09 ነው፤ ከ49 ቀጥሎ 50 ብላችሁ አትፈልጉ። ጃፓንኛ ለማያነብ ሰው ከስሙ ይልቅ ይህ ቁጥር ይሻለዋል፣ በየምሰሶው ተለጥፏል።

ይህች አጭር መስመር የጠርሙስ አንገት ናት። በምሥራቅ በኩል የናሪታ ኤርፖርት ባቡር ይገባባታል። በምዕራብ በኩል ኦሺያጌ ላይ ከቶኤይ አሳኩሳ የምድር ውስጥ መስመር ጋር ትገናኝና ባቡሩ ሳይቀየር ወደ ኬይኪዩ መስመርና ወደ ሃኔዳ ኤርፖርት ይቀጥላል። የኬይሴይና የአሳኩሳ መስመር ባቡሮች እርስ በርስ መግባት የጀመሩት በታኅሣሥ 1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጃፓን የግል ባቡርና የምድር ውስጥ ባቡር በአንድ ሃዲድ ሲቀጥሉ የመጀመሪያው ነበር። ለዚህ ሲባል ኬይሴይ በ1959 የሃዲዱን ስፋት ከ1372 ሚሊ ሜትር ወደ 1435 ለውጦታል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ነው። በዮትሱጊ ብዙ ባቡር ያልፋል፣ የሚቆመው ግን «ፉትሱ» የሚባለው፣ በየጣቢያው የሚቆመው ብቻ ነው። አክሰስ ኤክስፕረስ፣ ካይቶኩ፣ ቶክዩ ሁሉም ያልፉታል። ቀለም ለሚይዝ ሰው፦ በኬይሴይ ሰሌዳ ላይ ብርቱካናማ አክሰስ ኤክስፕረስ፣ አረንጓዴ ካይቶኩ፣ ቀይ ቶክዩ ነው። ፉትሱ ጥቁር ነው። ቀለም ካያችሁ ተዉት፣ ጥቁሩን ጠብቁ።

#3 ሰፈሬ_ካትሱሺካ

ለእናት የሚላክ ወረቀት፣ በአክብሮት ቃል ጻፍኩት፣ ገልብጣችሁ ላኩ፦

1. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ተርሚናል 1 ነው። ሻንጣዎን ይዘው ሲወጡ ባቡር ወዳለበት ምድር ቤት ይውረዱ።

2. እዚያ የሁለት ኩባንያ በር ጎን ለጎን አለ። አንዱ ኬይሴይ፣ ሌላው ጄአር ነው። የእርስዎ ኬይሴይ ነው፣ ምልክቱ ሰማያዊ ነው።

3. ብርቱካናማውን አክሰስ ኤክስፕረስ ይሳፈሩ። «ስካይላይነር» የሚባለው የተቆጠረ ወንበርና ተጨማሪ ክፍያ ያለው ስለሆነ አይግቡበት።

4. «አኦቶ»፣ ኬ ኤስ 09 ይውረዱ። ደረጃ አይውረዱ፣ አይውጡም። እዚያው መሳፈሪያ ላይ ይቁሙ።

5. ወደ ኦሺያጌ የሚሄደውን ጥቁር ምልክት ያለውን ባቡር ይሳፈሩ። አንደኛው ፌርማታ ታቴይሺ፣ ሁለተኛው ዮትሱጊ ነው። ሁለተኛው ላይ ይውረዱ።

ከወረቀቱ ሥር «ይህች እናት ዮትሱጊ፣ ኬ ኤስ 48 ትወርዳለች» የሚል አንድ መስመር በጃፓንኛ አስጽፉበት። ለጣቢያ ሠራተኛ ማሳየት ብቻ ይበቃል።

#4 ጠዋት_ፈረቃ

ለምን ታንከራትቷታላችሁ? ስካይላይነር ይዛ ኒፖሪ ትውረድ፣ ከዚያ ታክሲ። ስካይላይነር 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል።

#5 ፉርጎ_8

@ጠዋት_ፈረቃ ወንድሜ፣ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን ልክ አይደለም። ኒፖሪ ዮትሱጊን አልፎ ማዶ ነው፣ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ስካይላይነር የግድ ካስፈለገ አንዳንዶቹ አኦቶ ስለሚቆሙ እዚያ የሚቆመውን መርጦ ቲኬት መቁረጥ ነው። የማይቆመውን ከቆረጣችሁ ግን ባቡሩ አኦቶን እያያችሁት ያልፋል።

#3 ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። «እዚያው መሳፈሪያ ላይ ይቁሙ» የሚለው ትክክል ነው፣ ግን የትኛው ጠርዝ የሚለው እንደመጡበት ባቡር ይለያያል። አኦቶ ፎቅና ምድር ነው። ከናሪታ ወደ ከተማ የሚገቡ ባቡሮች ሁሉ በላይኛው ፎቅ ይቆማሉ፣ ወደ ናሪታ የሚወጡት በታችኛው። በየፎቁ መሃል ላይ አንድ መሳፈሪያ አለ፣ ግራና ቀኙ ሃዲድ ነው። አንዱ ሃዲድ ወደ ኡዌኖ (የዋናው መስመር የከተማ ጫፍ)፣ ሌላው ወደ ኦሺያጌ ይገነጠላል።

የመጡበት ባቡር መድረሻው ሃኔዳ ወይም ኒሺ ማጎሜ (የአሳኩሳ መስመር መጨረሻ) ከሆነ የቆመው ኦሺያጌ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ወርደው *እዚያው ጠርዝ* ይጠብቃሉ፣ ፉትሱው በዚያው ሃዲድ ይመጣል። መድረሻው ኡዌኖ ከሆነ ደግሞ ወርደው *ፊታቸውን አዙረው* ወደ ማዶው ጠርዝ ይሻገራሉ። ስድስት ሰባት እርምጃ ነው።

ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው። ከኡዌኖ ባቡር ይወርድና እዚያው ጠርዝ ቆሞ ቀጣዩን ፉትሱ ይሳፈራል። ያ ፉትሱ የኡዌኖ ፉትሱ ነው፣ ወደ ኦሃናጃያ ይወስደዋል። ቀጣዩ ጣቢያ ታቴይሺ ካልተባለ በመጀመሪያው ፌርማታ ውረዱና በተቃራኒው ወደ አኦቶ ተመለሱ። ከቲኬት በሩ ካልወጣችሁ ጉዳቱ ጊዜ ብቻ ነው።

#6 ዝምታ_በፉርጎ

እንቅልፍ ወስዷት አኦቶን ካለፈችስ? ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይተኛል መቼስ።

#7 ፉርጎ_8

የሃኔዳው አክሰስ ኤክስፕረስ ከሆነ ከአኦቶ በኋላ የሚቆመው ኦሺያጌ ነው። ዮትሱጊን በመስኮት ታየዋለች። ኦሺያጌ ወርዳ ወደ አኦቶ አቅጣጫ የሚሄድ ፉትሱ ትይዛለች፦ ሂኪፉኔ፣ ያሂሮ፣ ሦስተኛው ዮትሱጊ። ከያሂሮ በኋላ ሰፊው የአራካዋ ወንዝ ድልድይ ይመጣል፤ ወንዙን እንደተሻገሩ ለመነሳት መዘጋጀት ነው።

#8 ታካናዋ_መንገድ

ከናሪታው መንገድ በላይ ሰው የሚያሳስተው የማታ መመለሻው ነው፣ እዚህ ላይ ልቆይ።

ኒሆንባሺ ወይም ሺምባሺ ቆማችሁ በአሳኩሳ መስመር ወደ ዮትሱጊ ትመለሳላችሁ እንበል። በአሳኩሳ መስመር ላይ ከኤርፖርት ካይቶኩ በስተቀር ባቡሩ ሁሉ በየጣቢያው ይቆማል። ስለዚህ ሰው «ይሄ ፉትሱ ነው» ብሎ ይረጋጋና ይቀመጣል። ኦሺያጌ ሲደርስ ግን ያው ባቡር ስሙን ይለውጣል። ከኦሺያጌ ወዲያ ካይቶኩ ወይም አክሰስ ኤክስፕረስ ይሆንና ዮትሱጊን ጥሎ አኦቶ ላይ ይቆማል። ሰሌዳው ላይ «ከኦሺያጌ ጀምሮ ካይቶኩ» ብሎ በትንሹ ይጽፋል፣ በድምፅም ይነገራል፣ ማታ ግን ማን ሰምቶ።

ደንቡ አንድ ነው፦ ኦሺያጌ ስትደርሱ በባቡሩ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ እንደገና እዩ። ጥቁር ካልሆነ ውረዱ። ከቲኬት በሩ አትውጡ፣ ለሚቀጥለው ፉትሱ እዚያው መሳፈሪያ ጠብቁ። ኦሺያጌ አራት ሃዲድ አለው፣ ስለዚህ ፉትሱው በማዶው ጠርዝ ሊመጣ ይችላል፣ የጣቢያውን ሰሌዳ ተከተሉ።

በተቃራኒው ከዮትሱጊ ሲነሱ ያን ያህል አያሳስብም። ወደ አኦቶ የሚሄድ ማንኛውም ባቡር አኦቶ ይደርሳል፣ ኢምባ ኒሆን ኢዳይም ይበል ታካሳጎ። ወደ ከተማ የሚሄደውም ማንኛውም ኦሺያጌ ይደርሳል። ዋናው ነገር ከበሩ እንደገባችሁ የትኛውን ደረጃ እንደምትወጡ ነው፤ ዮትሱጊ ላይ ሁለት መሳፈሪያ በሁለት ወገን ስላለ አንዱ ላይ ከወጡ በኋላ ወደ ሌላው ለመሄድ እንደገና ወርዶ መውጣት አለ።

#9 ቡና_ሦስተኛ

«ኤርፖርት» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይቶ መሳፈርም አለ። በዚህ መስመር ሁለቱም አቅጣጫ ኤርፖርት ነው፤ አንዱ ጫፍ ናሪታ፣ ሌላው ጫፍ ሃኔዳ። ሻንጣ የያዘ ሰው ስላያችሁ ተከትላችሁ አትሂዱ።

#10 ታካናዋ_መንገድ

@ቡና_ሦስተኛ እውነት ነው። ለሃኔዳ ደግሞ ከዮትሱጊ የተሳፈራችሁበት ባቡር «ኒሺ ማጎሜ» ካለ ሴንጋኩጂ ላይ ወርዳችሁ ወደ ኬይኪዩ የሚገባውን ያዙ። አብዛኛው ዓለም አቀፍ በረራ ተርሚናል 3 ነው፤ ባቡሩ መጀመሪያ እዚያ ይቆማል፣ ቀጥሎ ተርሚናል 1 እና 2።

ለጉዳይ የሚሄዱ ሰዎች ሁለት ቦታ ይጠይቃሉ፦

ኤምባሲ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለው ታካናዋ ሰፈር ነው፣ የሚቀርበው የአሳኩሳ መስመር ጣቢያም ታካናዋዳይ፣ ቁጥሩ «ኤ 06»። እዚህ ላይ የሃኔዳ ባቡር አይሆንም፣ ሴንጋኩጂ ላይ ይገነጠላል። ኒሺ ማጎሜ የሚለውን ከዮትሱጊ ከያዛችሁ አንድም ቦታ ሳትቀይሩ ታካናዋዳይ ትወርዳላችሁ። የሃኔዳውን ከያዛችሁ ሴንጋኩጂ ወርዳችሁ አንድ ፌርማታ ብቻ ነው።

ኢሚግሬሽን። የቶኪዮው ቢሮ ከሺናጋዋ ጣቢያ በስተምሥራቅ ነው። የኬይኪዩ ባቡር የሚያወርዳችሁ ደግሞ በምዕራቡ፣ በታካናዋ ወገን ነው። እዚያ ወጥቶ አውቶቡስ መፈለግ ከንቱ ነው። ጣቢያውን በሚያቋርጠው ሰፊ መተላለፊያ ወደ ኮናን መውጫ ተሻገሩ፣ 8 ቁጥር የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አውቶቡሱ «ሺና 99»። ሰልፉ ረጅም ሆኖ ብታዩት ብዙው ሰው የሚሄደው እናንተ ወደምትሄዱበት ነው።

የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት (አድራሻ ለማስመዝገብ በ14 ቀን ውስጥ የሚኬድበት) ታቴይሺ ነው፣ አንድ ፌርማታ።

#11 ተቀባይ

እጅግ አመሰግናለሁ። ካርዱን ማን ያብራራ? «በሩ ተዘጋብኝ» የሚለው ከሁሉ ይበዛል።

#12 ኩርባ

ፓስሞም ስዊካም አንድ ነው፣ በሁሉም በር ይሠራሉ። መያዣው 500 የን ነው፣ ካርዱን ስትመልሱ ይመለሳል። እስከ 20,000 የን ይሞላል። መሙያው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ብር ሳትይዙ አትሂዱ (የጃፓን ብር ማለቴ ነው)።

በሩ የሚዘጋባቸው ምክንያቶች፦

ሒሳብ አነሰ። ከመውጫው በር ሳትወጡ በፊት ከውስጥ በኩል የማስተካከያ ማሽን አለ፣ ስሙ ሴይሳንኪ። ካርዱን ታስገባላችሁ፣ የጎደለውን ትሞላላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ቅጣት የለም።

ሲገቡ አልተነካም። ካርዱን ከነቦርሳው ነካ አድርጎ ማለፍ ነው ምክንያቱ። አንድ ሰከንድ ያህል አሳርፉት። መግቢያ ካልተመዘገበ መውጫው አያውቃችሁም፤ ማሽን አያስተካክለውም፣ ሠራተኛው ጋ ሄዳችሁ የገባችሁበትን ጣቢያ ትነግሩታላችሁ።

በገባንበት ጣቢያ መውጣት። ሰው ለመሸኘት ገብቶ ያለ ጉዞ መውጣት በጉዞ ካርድ አይሆንም፣ በሩ ይዘጋል። ሠራተኛውን ጠይቁ።

አንድ ካርድ ለሁለት ሰው። አይሆንም። ካርዱ የሚይዘው የአንድ ሰው መግቢያ ብቻ ነው። ለልጅ ከ6 ዓመት በታች በአንድ ከፋይ አዋቂ ሁለት ልጅ በነፃ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ግማሽ ይከፍላል፣ ለዚህ የልጅ ፓስሞ ያስፈልጋል፣ የዕድሜ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

ስልክ ወይም ሁለተኛ ካርድ አብሮ መኖር። ፓስሞና ሌላ የሚነካ ካርድ በአንድ ኪስ ሲሆኑ በሩ ግራ ይጋባል። ለይታችሁ ንኩ።

ከናሪታ ሲመጣ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ወደ አኦቶ ሁለት መንገድ ነው፤ በስካይ አክሰስ (ፈጣኑ፣ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው) እና በዋናው መስመር (ዘገምተኛው፣ ርካሹ)። ኤርፖርቱ ጣቢያ ውስጥ ከመጀመሪያው በር በኋላ ሌላ በር ሊገጥማችሁ ይችላል። ሁለቴ ተቆረጠብኝ ብላችሁ አትደንግጡ። ያ በር የሚመዘግበው በየትኛው መንገድ እንደሄዳችሁ ነው፣ ክፍያው በዚያ ይለያል።

@ሰፈሬ_ካትሱሺካ ወረቀትህ ላይ ስለ ጄአር በር አንድ ቃል ጨምርበት፦ ካርዱ የጄአርንም በር ይከፍታል። በሩ ተከፈተ ማለት ትክክለኛው በር ነው ማለት አይደለም።

#13 ሰፈሬ_ካትሱሺካ

ጨምሬያለሁ። ሌላም፣ ፍለጋ ላይ «ዮትሱ» ብሎ ጽፎ የመጀመሪያውን ስም መምረጥ አለ። የሚወጣው «ዮትሱያ» ሊሆን ይችላል፣ እሱ በሺንጁኩ በኩል ያለ ሌላ ጣቢያ ነው። በጃፓንኛ ሲጻፍም የጣቢያው ስምና የሰፈሩ ስም መሃል ላይ ያለው ፊደል በካታካናና በሂራጋና ይለያያል፤ የቤት አድራሻ ሲሞላ የሰፈሩን አጻጻፍ ነው የምትጠቀሙት።

#14 ዝምታ_በፉርጎ

የሰዓት ነገር አልተነሳም። የኛ አቆጣጠርና የጣቢያው በስድስት ሰዓት ይለያያል፣ ስንት ቀጠሮ በዚህ ተበላሽቷል። የሰሌዳው 19 ማለት ለኛ ከምሽቱ 1 ነው። «በ7 ሰዓት ጣቢያ» የሚል መልእክት ከአዲስ አበባ ሰው ከመጣ ቀኑን ነው ወይስ ማታውን፣ በኛ ነው ወይስ በነሱ ብላችሁ ጠይቁ።

#15 ጠዋት_ፈረቃ

የሰሌዳውን አነባበብ እኔ ልንገር። በግራ ያለው ቁጥር ሰዓቱ ነው፣ ወደ ቀኝ የተደረደረው ደቂቃው። ከደቂቃው ጋር ያለችው ትንሽ ምልክት መድረሻውን ታሳያለች፤ ከሥር መፍቻው አለ። ሁለት ሰሌዳ አለ፦ የሥራ ቀን አንድ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል አንድ። በጃፓን በዓል ማክሰኞ ላይ ቢውል የምታነቡት ሁለተኛውን ነው፣ ጠዋት ለሥራ የሚረፍድበት ሰው አብዛኛው በዚህ ነው።

ቀኑ በሰሌዳው ላይ እኩለ ሌሊት ላይ አያልቅም። ከ23 በታች «0» የሚል ረድፍ አለ፤ እሱ የዚያው ሌሊት ማብቂያ ነው፣ ለኛ ከሌሊቱ 6 አልፎ። የመጨረሻው ባቡር እዚያ ነው። እሱ ካለፈ ማለዳ ነው የሚቀጥለው። በተለይ የመጨረሻዎቹ ባቡሮች ሩቅ አይሄዱም፣ መሃል ላይ ይቆማሉ፤ መድረሻውን ሳያዩ መሳፈር የለም።

የወር ቲኬት (ቴይኪ) ለሚያወጣ፦ የ1፣ የ3 እና የ6 ወር አለ። የ3 ወሩ 5 በመቶ፣ የ6 ወሩ 10 በመቶ ይቀንሳል። ግን ሥራው ይቆይ አይቆይ ካልታወቀ የ6 ወሩን አልመክርም። መሃል ላይ ሲመለስ ያለፉት ቀናት በረከሰው ዋጋ አይቆጠሩም፣ ትርፉ ይጠፋል።

#16 ቡና_ሦስተኛ

መስመሩ ሲቆምስ? ሰው ባቡሩ ሲቆም «ሌላ ኩባንያ በነፃ ይወስዳል» ይላል።

#17 ኩርባ

ግማሽ እውነት ነው። ፉሪካኤ ይባላል። የወረቀት ቲኬት የያዘ፣ ወይም ቴይኪው የሚሸፍነው መንገድ ላይ ያለ ሰው በሌላ መስመር ይወሰዳል። በፓስሞው ላይ ባለው ገንዘብ ብቻ የሚጓዝ ሰው አይገባውም፤ በሌላ መስመር ከሄደ ይቆረጥበታል። ይህን ሳያውቁ ተከራክረው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ለአሠሪ የሚሰጥ የመዘግየት ማረጋገጫ አለ፣ ቺኤን ሾሜይሾ። በበሩ ላይ ከሠራተኛ ይገኛል፣ በኩባንያው ድረ ገጽም ይወጣል። ደቂቃው የተጻፈበት ስለሆነ አርባ ደቂቃ ረፍዶ የአሥር ደቂቃ ወረቀት ማቅረብ አያዋጣም።

አውሎ ነፋስ ሲመጣ ኩባንያዎቹ አስቀድመው «ነገ ከዚህ ሰዓት በኋላ አንሠራም» ይላሉ። በጥቅምት 2019 በመጣው ትልቁ አውሎ ነፋስ እንዲህ ነበር። ካትሱሺካ ዝቅተኛ መሬት ነው፣ በአራካዋና በአያሴ ወንዞች ዳር። የኦሺያጌ መስመር ድልድይ ታድሶ ከፍ ብሏል፣ ዮትሱጊም ራሱ ፎቅ ላይ ነው። የኬይሴይ ዋናው መስመር የአራካዋ ድልድይ ግን መሬቱ ስለሰመጠ ከወንዙ ግድብ በ3.7 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቀርቷል፣ አዲስ ድልድይ እየተሠራለት ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ዝናብ ሲኖር በኡዌኖ በኩል እመለሳለሁ ብሎ መተማመን አይገባም።

#18 ታካናዋ_መንገድ

ዕቃ ሲጠፋ። ይህ መስመር ለጠፋ ዕቃ ክፉ ነው፣ ምክንያቱም ቦርሳህ የኬይሴይን ባቡር ተሳፍሮ በቶኤይ አልፎ በኬይኪዩ ሚሳኪጉቺ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ሦስት አራት ኩባንያ ነው።

ወዲያው ለጣቢያው ሠራተኛ የምትነግሩት፦ የተሳፈራችሁበት ጣቢያና ሰዓት፣ የባቡሩ መድረሻ፣ ስንተኛው ፉርጎ (እዚህ መስመር ላይ ባቡሩ 8 ፉርጎ ነው፣ በየጎኑ ሦስት በር)፣ ስንተኛው በር፣ መደርደሪያ ላይ ነበር ወይስ ወንበር ላይ። «ጥቁር ቦርሳ» ማለት አይጠቅምም፣ ጥቁር ቦርሳ ሞልቷል። «ውስጡ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሻርፕ አለበት» በሉ፣ ወዲያው ይገኛል።

ጥቂት ቀን ካለፈ ወደ ፖሊስ ይተላለፋል። የቶኪዮ ፖሊስ የጠፋ ዕቃ ማዕከል ኢዳባሺ ነው። የሚጠብቁት ሦስት ወር ነው። መታወቂያ፣ ማለትም የመኖሪያ ካርድ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ሃዲድ ላይ የወደቀ ነገር ካለ አትውረዱ። ስልክም ይሁን ጫማ። ሠራተኛው ረጅም መያዣ ዘንግ አለው፣ በባቡሮች መሃል ያነሳዋል። ሰው ከወደቀ ግን አትጠብቁ፦ ምሰሶው ላይ ያለውን የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ተጫኑ፣ ባቡር ያስቆማል። ለእውነተኛ አደጋ ለተጫነ ሰው ተጠያቂነት የለም።

#19 ሰፈሬ_ካትሱሺካ

ከአደጋ ሳንወጣ፦ መኪና ለምትነዱ። ከዮትሱጊ እስከ አኦቶ ባለው 2.2 ኪሎ ሜትር ላይ 11 የመንገድና የባቡር ማቋረጫ አለ፣ ሃዲዱን ወደ ላይ ለማንሳት ሥራው ላይ ናቸው፣ እስኪያልቅ ግን ታቴይሺ አካባቢ ያለው ያስቸግራል። በጠዋትና በማታ አንድ ባቡር ያልፋል፣ ዘንጉ ሳይነሳ ሌላው ከማዶ ይመጣል። ለዚህ ነው ቀስቱ ሁለቱንም አቅጣጫ የሚያበራው። ሁለቱም ቀስት ከበራ ሞተር አጥፉና ጠብቁ።

ከፊት ያለው መኪና ማዶ ቦታ ሳይለቅላችሁ አትግቡ። ውስጥ ከተዘጋባችሁ ደግሞ ወደ ኋላ አታስቡ፣ ወደ ፊት ሂዱ። ዘንጉ በመኪና ሲገፋ እንዲተጣጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። መኪናው አልንቀሳቀስ ካለ ሰው አስወርዱ፣ ዳር ያለውን የአደጋ ቁልፍ ተጫኑ።

#20 ተቀባይ

የመገናኛ ቦታስ? «ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ» ሲባል የት ነው? ግድግዳው ሁሉ የኳስ ተጫዋች ሥዕል ነው ይላሉ፣ ምንድን ነው እሱ?

#21 ዝምታ_በፉርጎ

ካፕቴን ጹባሳ ነው። ደራሲው ታካሃሺ ዮይቺ የዮትሱጊ ሰው ስለሆነ ጣቢያውን ከ2019 ጀምሮ በዚያ ሥዕል አልብሰውታል። ባሕረ ሰላጤው አገር የኖሩ «ካፕቴን ማጂድ» ብለው ያውቁታል፣ በዐረብኛው ስሙ እሱ ነው። ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከጅዳ ለሚመጣ ዘመድ «ማጂድ ያለበት ጣቢያ» ብትሉት ይገባዋል።

ለቀጠሮ ግን «ሥዕሉ ጋ» አትበሉ፣ ሥዕሉ የትም ነው። «ከቲኬት በሩ ውጭ» በሉ። ከውስጥ የሚጠብቅና ከውጭ የሚጠብቅ ሰው ተያይተው መነካካት አይችሉም፣ #12 ላይ እንደተባለውም ለመውጣት ሠራተኛ መጥራት ይመጣል።

#22 ቡና_ሦስተኛ

ብስክሌትስ በባቡር ይገባል?

#23 ኩርባ

ተፈታትቶ ወይም ታጥፎ ሙሉ በሙሉ ከረጢት ውስጥ ከሆነ ይገባል። ጎማው ብቅ ካለ አይገባም። ጣቢያው ፊት ማቆም ደግሞ የተፈቀደበት ማቆሚያ ካልሆነ አይሆንም፣ ክፍለ ከተማው በመኪና ይጭነዋል፤ ለማስመለስ ክፍያም ጉዞም አለ።

#24 ተቀባይ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ አትሳቁብኝ። ከአገር ቤት የሚመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በዚህ ባቡር ይሳፈራል?

#25 ፉርጎ_8

የሚያስቅ አይደለም፣ ደንቡ ግልጽ ነው። የሦስቱ ጎን ድምር እስከ 250 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 30 ኪሎ፣ በሰው ሁለት ዕቃ። ምጣድ ከነክዳኑ በካርቶን ታሽጎ ያልፋል። የጠዋቱን ግፊያ ብቻ አስወግዱ፣ አኦቶ ላይም ከበሩ ፊት አታስቀምጡት።

ባቡሩ ያሳልፈዋል፤ ሶኬቱ ግን አይሆንም። እዚህ የቤት ሶኬት 100 ቮልት ነው፣ ምጣዱ የተሠራው ለ220 ነው። እንዲሁ ከተሰካ ኃይሉ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፣ ሊጡ ፈሶ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። የአየር ማቀዝቀዣ የሚሰካበት የ200 ቮልት መስመር ያለው ቤት መኖሩን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩ።